ጉዳዩ፦ በሸጣችሁልኝ ፈጣን ቻርጀር በመጠቀሜ ባትሪው ተዳከመ ተብሎ ዋስትና ስለመከልከሌ የቀረበ ቅሬታ

ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ቦሌ ከሚገኘው መደብራችሁ 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ያለውንና በ67 ዋት ቻርጀር የሚሞላውን ስልክ ገዝቻለሁ። በዕለቱ በመደብሩ በር ላይ የተሰቀለው ባነር «በ45 ደቂቃ ከ0 እስከ 100» የሚል ነበር። የሸጠልኝ ሠራተኛችሁም መተዳደሪያዬ በስልክ ጥሪ የሚሠራ ታክሲ መሆኑን ሲሰማ «ለእርስዎማ የተሠራ ነው፤ ምሳዎን በልተው እስኪነሱ ይሞላል» አለኝና፣ በዚያው ደረሰኝ ላይ የመኪና ፈጣን ቻርጀር ጨምሮ ሸጠልኝ። ቤት ያለው ቻርጀር ከስልኩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የመጣው ነው፤ መኪና ውስጥ ያለው ደግሞ የእናንተው ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ቻርጀር በዚህ ስልክ ላይ ሰክቼ አላውቅም።

ዛሬ ስልኩ አሥራ አምስት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። በራሱ የቅንብር ገጽ ላይ የባትሪው ጤና (አዲስ ሳለ ከነበረው አቅም የቀረው) 72 በመቶ፣ የቻርጅ ዑደቱ (ሙሉ አቅሙን ያህል የተሞላበት ጊዜ ብዛት) 431 ተብሎ ይነበባል። ቁጥሩ እንኳ ከሚናገረው የከፋው፣ ባትሪው 30 በመቶ ገደማ ላይ ሲደርስ ያለ ማስጠንቀቂያ ድርግም ብሎ መጥፋቱ ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከሰሚት ወደ ለቡ ሁለት እናቶችን ይዤ ስሄድ መገናኛ ማቋረጫው ላይ 34 በመቶ እያሳየ ጠፋብኝ። ካርታው ጠፋ፣ ሒሳቡም አብሮ ጠፋ፤ ከኋላ የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ መንገዱን አታውቀውም እንዴ?» ሲሉኝ የሰጠሁትን መልስ እኔ ራሴ አላመንኩበትም። ለቡ ስንደርስ ዋጋውን በግምት ተስማምተን ተለያየን።

ኅዳር 30 ቀን ወደ ጥገና ማዕከላችሁ ወሰድኩት። ባለሙያው በትሕትና ተቀብሎኝ ስልኩን ከመረመረ በኋላ በሰጠኝ ወረቀት ላይ «ፈጣን ቻርጀር አዘውትሮ ከመጠቀም የመጣ መደበኛ መዳከም፤ በዋስትና አይሸፈንም» ብሎ ጽፎልኛል፤ በቃልም ከእንግዲህ በዝግተኛው ቻርጀር እንድጠቀም መክሮኛል። በካርቶኑ ፊት በትልቁ የተጻፈው የሁለት ዓመት ዋስትና ለስልኩ እንጂ ለባትሪው እንዳልሆነ፣ የባትሪው ስድስት ወር ብቻ እንደሆነ የተረዳሁትም ያን ዕለት፣ የዋስትና ካርዱን ገልብጬ በደቂቅ ፊደል የተጻፈውን ሳነብ ነው።

ቅሬታዬ ባትሪ ለምን አረጀ የሚል አይደለም። የሊቲየም ባትሪ በተሞላና ባለቀ ቁጥር በመጠኑ እንደሚያረጅ በቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪክ ስማር ከተነገረኝ መካከል ነው። ቅሬታዬ ፍጥነቱን የመሸጫ ምክንያት አድርጋችሁ ከሸጣችሁልኝ በኋላ፣ ያንኑ ፍጥነት መጠቀሜን እንደ ጥፋት ቆጥራችሁ ዋስትናውን ስለከለከላችሁኝ ነው።

የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል እንጂ ለተራ ገዢ ማንም የማያብራራለት ነገር አለ። የዚህ ስልክ ባትሪ የሚይዘው ኃይል 19 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ባነራችሁ እንደሚለው በ45 ደቂቃ ቢሞላ፣ በአማካይ የሚገባው ኃይል 26 ዋት እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ስልኩ 67 ዋቱን የሚቀበለው ባትሪው ባዶ ሊሆን በተቃረበበት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ እየሞላ ሲሄድ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጥቂት በመቶ ደግሞ የሚገባው እየተንጠባጠበ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ የሚያልፈው ከፍተኛ ኃይል ሙቀት ይፈጥራል፤ ባትሪን የሚያስረጀው ዋናው ነገርም ሙቀት ነው፤ በተለይ ባትሪው እስከ 100 ሞልቶ በሙቀት ውስጥ ሲቆይ። ስለዚህ ፈጣን ቻርጅ በራሱ ባትሪ ይገድላል የሚለውን ወሬ እኔም አልቀበልም፤ ስልኩ ሳይሞቅ ከተሞላ ጉዳቱ ትንሽ ነው።

በእኔ በኩል ያለውንም አልደብቅም። ስልኬ ቀኑን ሙሉ ከፊት መስታወቱ ሥር በመያዣ ላይ ተሰክቶ፣ ካርታው ክፍት ሆኖ፣ የቀትር ፀሐይ እያረፈበት ቻርጅ ሲደረግ ይውላል፤ አንዳንድ ቀን ጀርባው በእጅ ለመያዝ እስኪያስቸግር ይሞቃል። ነገር ግን የመኪና ቻርጀሩን ሲሸጥልኝ የት እንደማስቀምጠው ሠራተኛችሁ ያውቅ ነበር፤ ለታክሲ ሥራ የተሠራ ነው ያለኝም እሱ ነው። ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ውስጥ መጠቀም ባትሪውን እንደሚጎዳ የሚገልጸውን የመመሪያ ገጽ ያነበብኩት ባትሪው ከተዳከመ በኋላ ነው። ስልኩ 80 በመቶ ላይ ቻርጅ ማድረጉን እንዲያቆም የሚያደርግ ቅንብር እንዳለውም የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ቅንብሩን ያበራሁት ገና ባለፈው ሳምንት ነው፣ ልጄ አሳይቶኝ።

ስድስት ወር ለባትሪ በቂ ነው እንዳትሉኝ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሰኔ 20 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ አዲስ ለገበያ የሚቀርብ ስልክ ባትሪ ከ800 ሙሉ ዑደት በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙን ይዞ እንዲገኝ ያስገድዳል። ደንቡ እኛ አገር እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የእኔ ስልክ የዚያን ግማሽ ጥቂት አልፎ 72 ላይ መገኘቱ መደበኛ ነው ብሎ መጻፍ አይቻልም። በአገራችንም ቢሆን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። «በ45 ደቂቃ» የሚለው በአንድ ሜትር ባነር ላይ፣ «ስድስት ወር» የሚለው ደግሞ በካርድ ጀርባ ላይ ሲጻፍ መረጃው በቂ ነው ለማለት እቸገራለሁ።

ስለዚህ ባትሪውን በዋናው የፋብሪካ ባትሪ ያለ ክፍያ እንድትቀይሩልኝና ለተቀየረው ባትሪ በጽሑፍ ዋስትና እንድትሰጡኝ፣ ይህን የማትቀበሉ ከሆነም በካርቶኑ ውስጥ በመጣው ቻርጀር መጠቀም ዋስትናን የሚያሳጣው በየትኛው የውል አንቀጽ እንደሆነ በማኅተም አስደግፋችሁ እንድትገልጹልኝ እጠይቃለሁ። ባትሪው የሚቀየርበት ቀን ሥራ ስለማልወጣ፣ ቀኑን ቀደም ብላችሁ ብታሳውቁኝና ጥገናው በዚያው ዕለት ቢያልቅልኝ አመሰግናለሁ። የግዢ ደረሰኙ፣ የጥገና ማዕከሉ የሰጠኝ ወረቀት፣ የዋስትና ካርዱ ሁለቱም ገጽና የባትሪው ጤና የሚታይበት ፎቶ ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል፤ ስሜና ስልክ ቁጥሬ በደረሰኙ ላይ ይገኛሉ። ስትደውሉልኝ ካላነሳሁ ስልኩ ጠፍቶ ይሆናልና እባካችሁ ደግማችሁ ሞክሩ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ