ሕመም አትደብቂ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ኅዳር ገብቶ የጠዋቱ ብርድ ጠንክሯል፤ ከዚህ ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ይህን የምጽፍልሽ አክስትሽ ስለደወለች ነው። እንዳልነግርሽ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ እኔ ግን ካንቺ የምደብቀው የለኝም። አንቺም በእሷ እንዳትቀየሚ። የግራ እጅሽን አንጓ በፋሻ ጠቅልለሽ አየችሽ። ስትጠይቅሽ «በር መታኝ» አልሻት። ምሳ ላይ የውኃውን ጆግ በሁለት እጅሽ ነው ያነሳሽው። ሌሊት ጣቶችሽ እየደነዘዙ ከእንቅልፍሽ እንደሚቀሰቅሱሽ ደግሞ ለልጇ ነግረሻታል። በር የመታው እጅ እንዲህ አያደርግም። ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን ግን ቤታችን ውስጥ ያየሁት ነገር ስለሆነ አውቀዋለሁ። ልጄ፣ ሕመም አትደብቂ።

ለደብል ባስ፣ ለዚያ ቆመሽ ለምትጫወቺው ትልቅ ባለ ክር መሣሪያሽ፣ ፈተና የኩሴቪትስኪን ኮንቼርቶ፣ ያን አንድ ደብል ባስ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተውን ድርሰት፣ እንደመረጥሽ ስትነግሪኝ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ታውቂያለሽ፤ ደስታዬ ዛሬም አልቀነሰም። ሰርጌ ኩሴቪትስኪ ከድሃ የአይሁድ ቤተሰብ ወጥቶ ሞስኮ ሲደርስ ለትምህርት የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። ትምህርት ቤቱ በነፃ የሚያስተምረው ደብል ባስ፣ ሆርን ወይም ትሮምቦን ለሚማር ብቻ ስለነበር ደብል ባሱን ያዘ። ያንን ኮንቼርቶ ራሱ ደርሶ በ1905 ራሱ ተጫወተው (የምጠቅስልሽ ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)፤ በኋላም ከ1924 እስከ 1949 የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን መራ። ከእሱ በፊት የነበረው ጣሊያናዊ ጆቫኒ ቦተሲኒም ታሪኩ ያው ነው። በ1835 ሚላን ኮንሰርቫቶሪ ሊገባ ሲል በነፃ የቀረው ቦታ ባሱን የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያና የደብል ባስ ብቻ ነበር። ቫዮሊን የለመደው ልጅ በጥቂት ሳምንታት ደብል ባስ ተለማምዶ ተፈተነና አለፈ። በ1871 ካይሮ ላይ፣ ስለ ኢትዮጵያዊቷ ልዕልት የተደረሰው የቬርዲ ኦፔራ «አይዳ» ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ኦርኬስትራውን የመራው ይኸው ባሲስት ነው።

አንቺም የጀመርሽው ቫዮሊኑም ቼሎውም ተይዞ ትምህርት ቤቱ ጥግ ላይ የቀረው ደብል ባሱ ስለነበር ነው። ሌላው ያልፈለገውን ይዘሽ እዚህ መድረስሽ ያኮራኛል። ስለዚህ እጅሽን ለአንድ ፈተና ብለሽ እንድታበላሺው አልፈቅድም። አዎ፣ አልፈቅድም ነው የምልሽ፤ ሃያ ዓመት ቢሞላሽም አባትሽ ነኝ።

አሁን አንድ ነገር መልሺልኝ። የሶሎ፣ ማለት ለብቻ መጫወቻ የሚሆነውን፣ ክር ገዝተሻል ወይስ የኦርኬስትራውን ክር ነው አጥብቀሽ የምትጫወቺው? ለዚህ ኮንቼርቶ አራቱም ክር አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ እንደሚል አውቃለሁ፤ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል የነበረው ፋ ሻርፕ፣ ሲ፣ ሚ፣ ላ ይሆናል፤ ድምፁ ጠርቶ ከኦርኬስትራው በላይ እንዲሰማ ነው። ነገር ግን ለዝቅተኛው ድምፅ የተሠራውን ወፍራም ክር ወደ ላይ ስታጠብቂው የሚጎዳው ጣትሽ ነው። የሶሎ ክር ቀጠን ያለ ነው። ዋጋው ከብዶሽ ከሆነ ንገሪኝ፤ ከእናትሽ ዕቁብ ላይ እንልክልሻለን። ገንዘብ የለኝም ማለት ነውር አይደለም። መደበቅ ነው ነውሩ።

ደግሞ ኮንቼርቶው ብቻውን እንጀራ እንደማይሆን አትርሺ። ኦርኬስትራ ሊቀጥርሽ ሲፈትንሽ ኮንቼርቶሽን ጥቂት ሰምቶ የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ሦስተኛ ክፍል ያወጣልሻል፤ ባሶቹና ቼሎዎቹ ብቻቸውን እየሮጡ የሚጀምሩትን። ቀጥሎ ዘጠነኛውን ያመጣል፤ በመጨረሻው ክፍል ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ባሶቹና ቼሎዎቹ ያለ ቃል የሚናገሩትን። እዚያ የሚፈለገው ጤነኛ እጅ ነው፤ የዛሬ ዓመትም የዛሬ ሃያ ዓመትም የሚሠራ እጅ።

አምና የላክሽልንን ቪዲዮ እናትሽ መጀመሪያ በስልኳ ከፍታ «ልጄ ደጋኑን ታንቀሳቅሳለች እንጂ ምንም አይሰማም» ብላ ከፋት። የታችኛው ክርሽ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ያን አያወጣም። ከጎረቤት ትልቅ ስፒከር ተዋስንና ከፈትነው፤ የቡፌው ብርጭቆ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የማህለር አንደኛ ሲምፎኒ መጣ፤ ሦስተኛው ክፍል ላይ ያን የልጆች መዝሙር በሐዘን ቅኝት አንቺ ብቻሽን ስትጀምሪ፣ ቀስ ብሎ ከሚመታው ከበሮ በቀር ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ሲጠብቅሽ፣ እናትሽ አለቀሰች። እኔ ግን እያየሁ የነበረው የግራ አውራ ጣትሽን ነው። ጥፍሩ ነጭ ሆኖ ነበር። የመሣሪያውን አንገት ቆንጥጠሽዋል። ያን ቀን በስልክ ልነግርሽ ፈልጌ ደስታሽን እንዳልሰብር ብዬ ተውኩት፤ ዛሬ ግን እነግርሻለሁ።

ሳሎን ያለውን የአያትሽን የጋሼን ፎቶግራፍ ታውቂዋለሽ፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከደብል ባሱ ጋር የቆመበትን። ሰው ሁሉ ስለ ቁመናው ያወራል። እኔ የማስታውሰው ጣቶቹን ነው። ቲያትር ቤት ኦርኬስትራ ውስጥ በነበረ ጊዜ፣ ማታ እራት እስኪቀርብ የቀለበት ጣቱንና ትንሿን ጣቱን አንድ ላይ አድርጎ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይጫን ነበር። ወደ አንገቱ ጫፍ አካባቢ ትንሿ ጣት ብቻዋን ክሩን አትችለውም፤ ሁለቱ ተጋግዘው ነው የሚይዙት። አንቺም የዚማንድልን የደብል ባስ ጣት አያያዝ ዘዴ ስትማሪ ይህንኑ እንዳሳዩሽ ነግረሽኛል። ጋሼ እኔንም ሊያስተምረኝ ይሞክር ነበር። «በአውራ ጣትህ አትቆንጥጥ፤ ክንድህ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ጋቢ ክሩ ላይ ይረፍ» ይለኛል።

ራሱ ግን ቆንጥጦ ነበር የሚጫወተው። መሣሪያው ያረጀ፣ ክሩ ከአንገቱ በጣም ከፍ ብሎ የተወጠረ፣ የሚያስተካክልለትም ባለሙያ ያልተገኘለት ነበር። እጁን ያመው ጀመር። እናቴ ለብ ያለ ውኃ በጨው ታቀርብለታለች፤ እጁን ነክሮ «ምንም አይደል፣ ድካም ነው» ይላል። ለመሪያቸው ትንፍሽ አላለም፤ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡብኛል ብሎ ፈርቶ ይመስለኛል። አንድ የጥምቀት ማለዳ ሸሚዙን ለብሶ መቆለፍ አቃተው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ እኔ ቆለፍኩለት፤ ቀና ብሎ ጣሪያውን ነበር የሚያየው። ከዚያ ወዲያ የኖታ ወረቀት ጠባቂ አደረጉት። ኦርኬስትራው ሲለማመድ እሱ ከግድግዳው ማዶ ወረቀት ይደረድር ነበር።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ልንገርሽ። ጋሼን ብቻውን ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም። ሁልጊዜ ከሌሎቹ ጋር፣ ከኋላ ቆሞ ነው የሰማሁት። «ጋሼ፣ ዛሬ ለእኔ ብቻ ተጫወትልኝ» ብዬው አላውቅም፤ ልጅ ነበርኩ፣ ደብል ባስ ለብቻው የሚናገረው ያለው አይመስለኝም ነበር። ድራጎኔቲ የሚባለው ባሲስት በ1799 ቪየና ውስጥ ለቼሎ የተጻፈ ሶናታ በደብል ባስ ከራሱ ከቤትሆቨን ጋር እንደተጫወተ ያነበብኩት ጋሼ ካረፈ ከስንት ዘመን በኋላ ነው። ባነብለት ምን ይል እንደነበር አስባለሁ። ምን መጫወት ይወድ እንደነበር እንኳ አላውቅም።

ምክር ልሰጥሽ ጀምሬ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ልመለስ። ሕመም አትደብቂ፤ ለአስተማሪሽ ነገ ጠዋት ንገሪ። ፈተናው ይተላለፍ። «ጊዜ ያልፍብኛል» እንደምትዪ አውቃለሁ። እዚያው ያለሽበት እንግሊዝ አገር ያለችውን ባሲስት ቺቺ ንዋኖኩን ተመልከቺ፤ አባቷ ናይጄሪያዊ፣ እናቷ አየርላንዳዊት። የመቶ ሜትር ሯጭ ነበረች፤ ጉልበቷ ተጎድቶ ሩጫው ሲቀር ደብል ባስ የጀመረችው በ18 ዓመቷ ነው። ታላላቅ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ተጫወተች፤ በ2015 ደግሞ የጥቁርና የሌሎች ብሔረሰቦች ሙዚቀኞች የተሰባሰቡበትን ቺኔኬ የተባለውን ኦርኬስትራ አቋቋመች። አንቺ እሷ በጀመረችበት ዕድሜ ስንት ዓመት ተጫውተሽ ነበር? ታዲያ ጥቂት ወር ብታርፊ ምን ይቀርብሻል?

ሐኪም ስትሄጂ ሙዚቀኛ መሆንሽን ተናገሪ። ለንደን ውስጥ ለሙዚቀኞች፣ ለተዋንያንና ለዳንሰኞች ተብሎ የተቋቋመ የሕክምና በጎ አድራጎት ድርጅት እንዳለ አንብቤአለሁ፤ ትምህርት ቤትሽ አድራሻውን ያውቃል፣ ጠይቂ። ማስታገሻ ውጠሽ እንዳትጫወቺ። የነቢያት ጾም ነው ብለሽም በባዶ ሆድሽ መድኃኒት እንዳትወስጂ። ደብል ባሱን ብቻሽን ደረጃ አታውጪ፤ የአክስትሽ ልጅ ትርዳሽ ወይም ከሥር የሚገጠመውን ጎማ ግዢ። ከማሞቂያው አጠገብም አታቁሚው፤ ክረምታቸው አየሩን ያደርቀዋል፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ክሩ ከአንገቱ ምን ያህል ከፍ እንዳለ መሣሪያ ሠሪ ዘንድ ወስደሽ አስለኪ፤ የጋሼን እጅ ያጠፋው እሱ ነው።

ለገና ከሚመጣው ሰው ጋር በርበሬና ድርቆሽ እንልካለን፤ እናትሽ ሽሮም ጨምራለች። ጥቅሉ ከባድ ስለሆነ አክስትሽ ትቀበለው፤ አንቺ በዚያ እጅሽ እንዳታነሺው። ሐኪሙ የሚሰጥሽን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ እስከ ዓርብ ላኪልኝ። ዓርብ ካልደረሰኝ እኔው ራሴ ለአስተማሪሽ እደውላለሁ።

አባትሽ