የክረምቱ እበት የት ይሂድ? ለግብርና ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፦

በደብረ ብርሃን ከተማ፣ በመኖሪያ ግቢዬ ውስጥ ሦስት የተዳቀሉ ላሞች አሉኝ። ልጆቼን የማሳድገው በእነሱ ወተት ነው። ኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው የወተት፣ የእንቁላልና የማር ልማት መርሐ ግብር በአርባ ምንጭ ይፋ ሲደረግ ከልባቸው ደስ ካላቸው ሰዎች አንዷ ነበርኩ፤ ዛሬም ሐሳቤን አልለወጥኩም። ከዚያ ወዲህ ወተቱ በሊትር፣ እንቁላሉ በቁጥር፣ ማሩ በኪሎ ሲዘገብ እሰማለሁ። እበቱ ምን ያህል እንደ ሆነና የት እንደሚገባ ግን ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ልቁጠረው። በደንብ የተቀለበች አንዲት የተዳቀለች ላም፣ ሽንቱ ሳይጨመር፣ በቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ እበት ትጥላለች። የእኔዎቹ ሦስቱ በቀን 80 ኪሎ ያህል፣ በወር 24 ኩንታል፣ ክረምቱን በሙሉ ሲደመር ወደ 100 ኩንታል ይሆናል። ግቢዬ 250 ካሬ ሜትር ነው።

በበጋ ችግሩ አይታይም። አካባቢያችን ደጋ ነው፤ ብርዱ ይጠናል፤ ማገዶው ኩበት ነው። እበቱን በእጃችን ጠፍጥፈን አጥር ሥር እናሰጣለን፤ ሲደርቅ እንከምራለን፤ የተረፈው ገበያ ይወጣል። እኔም እንጀራ የምጋግረው በኩበት ነው። ነገር ግን ኩበት ሲነድ ለመሬት የሚበጀው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ጭሱ ደግሞ መጀመሪያ የሚያልፈው በጋጋሪዋ ዓይንና ሳንባ ነው። ለማሳው የሚተርፈው አመዱ ብቻ ነው፤ እሱም ወስዶ የሚበትነው ከተገኘ።

ክረምት ሲገባ ኩበት አይደርቅም። ያኔ እበቱ ሜዳ ላይ ይከመራል፤ ዝናብ ይመታዋል፤ ጥቁር ውሃ እያወጣ በየቦዩ ይወርድና «በሬሳ» ወደሚባለው ወንዛችን ይገባል። በበጋ እናነደዋለን፣ በክረምት ለጎርፍ እንሰጠዋለን፤ ወደ ማሳ የሚመለስበት ወቅት የለውም። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የባሶና ወራና ወረዳ ገበሬ ግን ያን ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ለተገዛ ማዳበሪያ ወረፋ ይጠብቃል።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሐምሌ ላይ፣ ሌሊቱን ሲጥል ያደረ ዝናብ ክምሬን ናደው። ጠዋት ስወጣ የእበቱ ውሃ አጥሩን አልፎ የጎረቤቴን የእማማን የጎመን መደብ ሸፍኖታል፤ ደጃቸው ረግረግ ሆኗል፤ የውሃ ጉድጓዳቸው አፍ ሊደርስ የቀረው ጥቂት እርምጃ ነው። እማማ በከዘራቸው ተደግፈው በራቸው ላይ ቆመው ነበር። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ላሞችሽን ይባርክልሽ፤ እኔ ግን ደጄ ጠፋብኝ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አካፋ ይዤ እስከ ቀትር ስጠርግ ዋልኩ፤ የጎመኑን መደብ ግን ማዳን አልቻልኩም።

በዚያው ዓመት ጉድጓድ አስቆፈርኩ፤ ወለሉን በሲሚንቶ አስለሰንኩ፤ ዝናብ እንዳይገባበት ቆርቆሮ አለበስኩት። ከበረቱ ወለል ላይ ሽንቱን ወደ በርሜል የሚወስድ ቦይ አወጣሁ። ከከብቱ የሚወጣው ናይትሮጅን ብዙው በሽንቱ ውስጥ መሆኑን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት ዝም ብዬ አላፈሰውም ነበር። እበቱን ከገብስ ጭድና ከደረቀ ቅጠል ጋር እያደራረብኩ እከምረዋለሁ፤ በየሁለት ሳምንቱ አገላብጠዋለሁ። ከሳምንት በኋላ መሐሉ የሰካሁትን ብረት መዝዤ ስይዘው እጄን ያቃጥለኛል። ያ ሙቀት ነው የአረሙን ዘርና የበሽታውን ተዋህሲያን የሚገድለው። ዝንብም ክምሩ ከተሸፈነና ከተገላበጠ መራቢያ ቦታ ታጣለች። በአራት ወሩ ሳወጣው የእበት ሽታ የለውም፤ ጥቁር ሆኖ በእጅ ይፈረፈራል፤ ሽታው የዱር አፈር ነው። አንድ የማውቀው ገበሬ ስድስት ጭነት በአህያ ወስዶ ገብሱ ላይ በተነው፤ በዓመቱ አህዮቹን እየነዳ ተመልሶ መጣ።

ይህን ሁሉ ያደረግሁት በራሴ ወጪ ነው፤ አምስት ላም ያላት ጎረቤቴ አቅሙ የላትም። ትርፉን ፍግ የሚያነሳልን ፈልጌ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ብሄድ «ፍግ የግብርና ጉዳይ ነው» ተባልኩ። ወደ ሌላው ብሄድ «እበት ቆሻሻ ስለሆነ የጽዳት ሥራ ነው» አሉኝ። ሁለቱም አልዋሹም፤ ክምሩ ግን እዚያው ነበር። የቢሮዎቹን ስም ማንሳት አልፈልግም፤ ሠራተኞቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሥራው ባለቤት ስለሌለው ነው።

ክቡር ሚኒስትር፣ ባለቤት ያበጁለት። ለቤተሰብ ላም በብድር ሲሰጥ፣ የተሻሻለ ዘርና መኖ ሲታሰብ፣ የተለሰነ የበረት ወለልና ቆርቆሮ የለበሰ የፍግ ጉድጓድ አብሮ ይታሰብ። ጉድጓዱም ሆነ ክምሩ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ያን ያህል ቦታ የሌለው እንዴት እንደሚያደርግ ባለሙያ ግቢው ድረስ መጥቶ ይምከረው። የገጠሩ ገበሬ የግብርና ባለሙያ አለው፤ የከተማው አርቢ ማንን ይጠይቅ?

ባዮጋዝን አልረሳሁም። ብሔራዊ ፕሮግራሙ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ቤት ብርሃንና ምድጃ ሰጥቷል። ነገር ግን የእኛ ብርድ ሲጠና ጋዙ ይቀንሳል፤ የሚጠግነው ባለሙያ በቅርብ ከሌለ ደግሞ ምድጃው ባዶውን ይቀራል። ቆላና ወይና ደጋ ላይ ይስፋፋ፤ ለደጋው ግን እሱ ብቻ አይበቃም።

ከሁሉ የሚቀለው ገበያው ዘንድ ያለ ይመስለኛል። በገበያ ቀን ገበሬው እህል ጭኖ ይመጣና አህያውንም ጋሪውንም ባዶ ይዞ ይመለሳል። ገበያው አጠገብ ጣራ ያለው የፍግ ማከማቻ ቢኖር፣ የበሰለውን ፍግ እኛ እዚያ እናደርሳለን፣ እሱ በመልሱ ይጭናል። የዶሮ አርቢዎችም ኩሱን አብስለው ያመጣሉ፤ ጥሬውን ቢበትኑት ቡቃያ ያቃጥላል።

አንድ ነገር ያስፈራኛል። ጎረቤት ሲያማርር የሚቀናው መልስ «ከብት ከከተማ ይውጣ» ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ለሁሉም ሰጥቷል፤ እማማ ይህ መብት አላቸው፣ ሊከበርላቸውም ይገባል። ግን ላሞቼን አስወጥቶ የእማማን ደጅ ማድረቅ ለልጆቼ ራት መንጠቅ ነው። ሁለታችንም ተጎራብተን መኖር እንደምንችል ያለፈው ክረምት አሳይቶናል፦ ውሃው አጥሩን አላለፈም።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት ባለሙያ ይላኩልን። ጉድጓዱንም፣ ክምሩንም፣ ብረቱንም አሳየዋለሁ። እማማም ደጃቸው ላይ ቡና አፍልተው ይጠብቁታል፤ ጎመናቸው እንደገና በቅሏል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከደብረ ብርሃን የወተት ላም አርቢ