ስማችን ሳጥን ሆኖ እንዳይታተም፦ የድጋፍ ጥሪ

የእህቴ ልጅ ስድስት ወር ለፍታ ኮርሷን ጨረሰች። ሰርተፊኬቷ በፒዲኤፍ ፋይል በኢሜይል ሲመጣ ቤተሰቡ ስልኩን ከበበ። እንግሊዝኛው ቁልጭ ብሎ ይነበባል። አማርኛው ስሟ ሊኖር በሚገባው ቦታ ግን የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች ብቻ። እናቷ "ስሟ የታለ?" አለች። ማሰልጠኛው ሲጠየቅ "እኛ ጋ በትክክል ይታያል" አለ።

እውነታቸውን ነው፤ እነሱ የሚያዩት ፒዲኤፍ ከመሆኑ በፊት ብራውዘር ላይ ነው። ብራውዘር ፊደል ሲያጣ ከኮምፒውተሩ ሌላ ፎንት (የፊደላትን ቅርጽ የያዘ ፋይል) ፈልጎ ይተካል። ፒዲኤፍ የሚያዘጋጀው ኮድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሰጡትን ብቻ ነው የሚጠቀመው። ፒዲኤፍ ከጥንትም የሚያውቃቸው 14 ፎንቶች አሉ፤ ሄልቬቲካ፣ ታይምስና ኩሪየር ከነዚህ ናቸው። አንዳቸውም ሀሁ አልቆጠሩም። ስለዚህ የግዕዝ ፊደል ያለውን ፎንት ራሳችን አምጥተን፣ በኮዱ አስመዝግበን፣ ፋይሉ ውስጥ መክተት አለብን።

ፒኤችፒ በተባለው የኮድ ቋንቋ ፒዲኤፍ የሚሠራው ኤፍፒዲኤፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት (የመረጃ መለኪያ) ይይዛል። እሱ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ይቆጥራል። "ሰላም" ብለው የሰጡት ዘጠኝ ቦታ ተበታትኖ ዝባዝንኬ ይሆናል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ የተባሉት የግዕዝ ፎንቶች በነፃ ይገኛሉ፤ ፈቃዳቸውም ሰነድ ውስጥ መክተትን አይከለክልም። የሚያስቸግሩት ትናንሾቹ ነገሮች ናቸው። በፓይተን ቋንቋ ፒዲኤፍ የሚሠራው ሪፖርትላብ ቲቲኤፍ የተባለውን የፎንት ፋይል ዓይነት ይቀበላል፤ ፊደሎቹ ፖስትስክሪፕት በተባለው ስልት የተሳሉበትን ኦቲኤፍ የተባለ ሌላ ዓይነት ግን አይቀበልም። ደማቅ ርዕስ ከፈለጉ የደማቁን ፋይል ለብቻ ማስመዝገብ አለብዎት። ይህን አማርኛ ብቻ ለሚያነብ ጀማሪ ማን ነገረው? ስንቱ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል አድሮ በመጨረሻ ስሙን በላቲን ጽፎ ይገላገላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እኛ ጥቂት ፈቃደኞች ይህን ሁሉ የሚያስረዳ የአማርኛ መመሪያ እያዘጋጀን ነው። ገልብጠው የሚጠቀሙበት ኮድ አለው፤ ለማንም ክፍት ይሆናል። የፓይተኑና የፒኤችፒው ክፍል አልቋል። የጃቫስክሪፕቱ ግማሽ ላይ ቆሟል፤ ሁላችንም ከሥራ በኋላ ስለምንሠራው አልገፋ አለን። አንድ ሰው ለሁለት ወር ቀጥረን ልንጨርሰው እንፈልጋለን። የፕሪንተር ቀለምና ወረቀትም ያስፈልገናል። መፈተኛ ገጻችን ላይ ከሀ እስከ ፐ ያሉት ሁሉ፣ እነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ቁጥሮቹ ፩፣ ፪፣ ፫ እና አራት ነጥቡ ሳይቀሩ አሉ። ስክሪን ላይ ጥሩ የሆነው ሁሉ ወረቀት ላይ ደህና አይወጣምና እያተምን ነው የምናየው።

100 ብርም ትሁን፣ ከዚያ በላይ፣ የቻላችሁትን አዋጡ። መልእክት ላኩልን፤ የቴሌብርና የባንክ ቁጥሩን እንልክላችኋለን። የገባውንና የወጣውን በየወሩ ከነደረሰኙ እናሳያለን።

አሜሪካ፣ አውሮፓና ዓረብ አገር ያላችሁ፣ ከገንዘቡ ሌላ አንድ ነገር እንለምናችሁ። አማርኛ ፎንት ያልተጫነበት የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ካገኛችሁ ፋይላችንን ክፈቱበት። እዚያ ከተነበበ ፎንቱ በትክክል ተከቷል ማለት ነው።

ብር ያልተረፋችሁ ደግሞ የተበላሸ ፒዲኤፍ ላኩልን። የግል መረጃውን ሸፍኑትና፣ በምን ፕሮግራም እንደተሠራ ካወቃችሁ ጻፉበት።