የቃላት አመጣጥ ክበብ፦ ከጥፍር እስከ ሰኮና

«ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቃል ላይ ምን ትሠራላችሁ?» የሚለው ጥያቄ በመምህራን ማረፊያ በተደጋጋሚ ስለቀረበልኝ፣ ይህ ዘገባ መልስም ጭምር ይሁንልኝ። ቃሉ በላቲን ሰኮና ማለት የሆነው «ኡንጉላ» ነው። የመረጡትም ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ባለ ሰኮና እንስሳት «አንጉሌት» እንደሚባሉ ሰምተው የስያሜውን ምንጭ ሊጠይቁኝ መጡ።

የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች በምዝገባና በሥራ ክፍፍል አለፉ። ክበቡ ያለው ብቸኛ የላቲን መዝገበ ቃላት የመጨረሻ ገጾቹ ተገንጥለው የጠፉ በመሆናቸውና የምንፈልገው ቃል ከእነዚያ መካከል በመሆኑ ብዙ ሳምንታት ባከኑብን። በኋላ በተዋስነው መጽሐፍ «ኡንጉላ» ጥፍር ከሚለው «ኡንጉዊስ» የተገኘ ማሳነሻ ቃል መሆኑን አነበብን። ተማሪዎቹ ግን አልተቀበሉትም፤ ፈረስን የሚያህል እንስሳ የሚሸከም ነገር እንዴት «ትንሽ ጥፍር» ይባላል?

ስለዚህ የፈረስ ሰኮና የሚያስተካክል ባለሙያ ወዳለበት ጋጣ ሄድን። ባለሙያው የፈረሱን የፊት እግር አንሥቶ በጉልበቶቹ መካከል ከያዘ በኋላ ሰኮናውን በቢላዋ ሲልገው፣ ጎበጥ ያሉ ነጫጭ ቅርፊቶች መሬት ላይ ወደቁ፤ ፈረሱ ንቅንቅ አላለም። ዓመቱን በሙሉ በስብሰባ ላይ ተናግራ የማታውቅ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ አንዱን ቅርፊት አንሥታ ከአውራ ጣቷ ጥፍር ጋር አስተያየችና «ቲቸር፣ በጥፍሩ ነው እኮ የቆመው!» አለች። በእርግጥም ሰኮናና ጥፍር ሁለቱም ኬራቲን ከተባለው ፕሮቲን የተሠሩ ናቸው፤ ፈረስም በእያንዳንዱ እግሩ የሚቆመው በመካከለኛው ጣቱ ጫፍ ላይ ነው። ይህን ያወቀችው እኔ ሳልነግራት መሆኑን ሳስብ አሁንም ልቤ ይነካል።

ቃሉ በጂኦሜትሪም አለ። በሰያፍ የተቆረጠ ሲሊንደር ቁራጭ የፈረስ ሰኮና ስለሚመስል «ኡንጉላ» ይባላል። ቆራጩ ጠለል በመሠረቱ ዲያሜትር ላይ ካለፈ፣ የቁራጩ ይዘት የሬዲየሱ ስኩዌርና የቁመቱ ብዜት 2/3 ነው፤ ክብ ነገር ሆኖ ሳለ ፓይ አይገባበትም። ይህን አርኪሜዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን አረጋግጦታል። ሬዲየሱ 3፣ ቁመቱ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኡንጉላ ከጭቃ ሠርተን ውኃ ውስጥ በመንከር ስንለካው 35 ሴንቲ ሜትር ኩብ አገኘን፤ በስሌት 36 ነው። ለእጅ ሥራ ይህ ትንሽ ውጤት አይደለም።

ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ገጹ ያልጎደለ አንድ መዝገበ ቃላትና ለአንድ ጉዞ የሚበቃ መጓጓዣ ነው። ለሌሎች ክበባት ከሚፈቀደው አንጻር ጥያቄያችን የበዛ አይመስለኝም። የሰኮናው ቅርፊት በክበቡ ሣጥን ውስጥ ስለሚገኝ፣ ከመወሰኑ በፊት ማየት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ፤ ያቺ ተማሪ ራሷ ታስረዳዋለች።