ባዶ ነው ያሉት ፊልም

ይድረስ ለምወድዎ አባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ ስድስተኛ ክፍል ገባ። ትንሿ ሁለት ጥርሷ ወልቆ «እንደ አያቴ ሆንኩ» እያለች ትስቃለች። ሰፈሩም ሰላም ነው፤ ኑሮው ያው እንደሚያውቁት ነው።

ያቺ ዓይንዎስ? ወንድሜ ሲደውል «ሁለተኛውን ሞራ አላስወጣም ብለዋል» አለኝ። «ለቀረኝ መንገድ አንዱ ይበቃኛል» አሉ አሉ። እንዲህ አይበሉ፣ በማርያም። ጠብታውን በሰዓቱ ያደርጋሉ?

ባለፈው ሳምንት ፊልም ሳጥብ አስታወስኩዎት። ያው በጋሼ ካሜራ ነው፤ ሱፐር ኤይት። ኮዳክ እንደ ፈረንጆቹ በ1965 ያወጣው ነው፣ ከእኔ ይበልጣል፣ ከእርስዎ ያንሳል። አንዱ ካሴት 15 ሜትር ፊልም ይይዛል። በሰከንድ 18 ምስል ሲነሳ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው፣ አለቀ። እንደ ስልክ ዝም ብሎ አይቀረጽበትም። ማንም አላስተማረኝም፤ ስንቱን ካሴት አበላሽቼ ነው የለመድኩት። ጥቁርና ነጩን አሁን ራሴ በቡና አጥበዋለሁ። አይሳቁ! ኔስካፌ፣ የማጠቢያ ሶዳና ቫይታሚን ሲ ነው። የዘጌ ቡና ለዚህማ አይባክንም። ሽታው ግን ቤት ያስለቅቃል።

ለማጠብ ካሴቱን ሰብሬ የማወጣው ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ነው። ሁልጊዜ እዚያ ጨለማ ውስጥ የእርስዎ እጅ ይመጣብኛል።

እማማ ታንኳው ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ንፋስ እየወሰደባት ስትስቅ ነበር የቀረጽኳት። የሚያጥብልኝ እስካገኝ ብዬ ሳጥኑ ሥር ደበቅኩት። እርስዎ አገኙት። ጎትተው አወጡት፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ዘረጉት፣ ወደ ፀሐይ እያዩ «ባዶ ነው፤ ትምህርትሽን የተውሽው ለዚህ ነው?» አሉ። ባዶ አልነበረም፣ አባባ። ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ካገኘው ይቃጠላል። እርስዎ ሲያዩት ነው ባዶ የሆነው።

ለቀብሯ ፎቶ ሲፈለግ የመታወቂያዋ ጉርድ ብቻ ተገኘ። እርስዎ አንገትዎን ደፉ። እኔም ዝም አልኩ።

ልወቅስዎ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልወቅስዎም ነው። በጨርቃ ጨርቅ ደመወዝ አራት ልጅ ማሳደግ ምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል፤ ለካሜራ የሚሆን ሆድ ከየት ይመጣል። አመሰግናለሁ። ግን ያ ገመድ አሁንም ይታየኛል።

ለጥምቀት እመጣለሁ። አንድ ካሴት አስቀምጫለሁ። ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ታንኳዎቹ የሚቆሙበት ጋ ወርደን እቀርጽዎታለሁ። ነጩን ጋቢ አይልበሱብኝ፣ ፊልሙ ላይ ይነጣና ፊትዎን ያጠፋብኛል። ያቺን አሮጌ ካፖርት ይልበሱ። ምን ልናገር ብለው አይጨነቁ፤ ካሜራው ድምፅ አይቀዳም።

ታጥቦ ሲደርቅ ሳሎን ግድግዳው ላይ አሳይዎታለሁ። እሱን ደግሞ በሁለት ዓይን ነው የሚያዩልኝ። ለባጃጁ ልጅ ከፍያለሁ፤ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት በር ላይ ይጠብቅዎታል። የቀጠሮ ካርዱ ከመዝሙረ ዳዊትዎ ውስጥ ነው።

ልጅዎ