የፈረንሳይኛ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ በቀን አምስት ካርድ

ክበባችን ዘንድሮ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለ40 ደቂቃ ሲሰበሰብ ቆይቷል። የቋንቋ ክበብ ምዝገባ ሲከፈት ወንበር ይጠባል፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ወንበሩ ይተርፋል። የሚጠፉት ልጆች ሰነፎች ናቸው ማለት ይቀናናል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ ቀድመው የሚደክማቸው ብዙውን ጊዜ ከሁሉም በላይ ተግተው የጀመሩት ናቸው። ምክንያቱ ደግሞ ተራ ሒሳብ ነው።

ቃል የምናጠናው ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 ባስተዋወቀው የካርድ ሳጥን ነው። የእኛ ሳጥን አምስት ክፍል አለው። አዲስ ካርድ መጀመሪያው ክፍል ይገባና በማግስቱ ይጠየቃል። ከተመለሰ ወደ ሁለተኛው አልፎ ከ2 ቀን በኋላ፣ ቀጥሎም ከ4፣ ከ8 እና ከ16 ቀን በኋላ ይመጣል። የተሳሳቱት ካርድ የትኛውም ክፍል ይሁን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። እንግዲህ አንድ ካርድ አንዴም ባይሳሳቱት አምስት ጊዜ ይመጣል ማለት ነው። በቀን 15 አዲስ ቃል የሚጨምር ተማሪ የመጀመሪያውን ሳምንት ሲጫወት ያሳልፈዋል፤ ወር ሲሞላው ግን የተሳሳታቸውን ሳይጨምር በየቀኑ 75 ካርድ ይጠብቀዋል። ሁለት ቀን ካረፈ ክምሩ ያስፈራዋል። ሳጥኑን የሸሸ ክበቡንም ይሸሻል። በቀን 5 ካርድ ብቻ የሚጨምር ግን ሥራው ወደ 25 ካርድ አካባቢ ይረጋል፤ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ከሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ ከ5 በላይ መጨመርን ከልክለናል። ትጉሃኑ ቅር ቢላቸውም ክልከላውን አላነሳንም። አንድ ቀን ለተዘለለበትም ደንብ አለን፦ ያመለጠው አይካካስም፤ በማግስቱ ሁለት ደቂቃም ቢሆን ሳጥኑ ይከፈታል።

ካርዱ ላይ የሚጻፈውም ለውጥ አለው። መጀመሪያ ላይ አብዛኞቹ ካርዶች «ሊቭር፣ መጽሐፍ» ብቻ የሚሉ ነበሩ። ይህ ግማሽ ቃል ነው፤ የፈረንሳይኛ ስም ተባዕት ከሆነ «ለ»፣ አንስታይ ከሆነ «ላ» ይቀድመዋል። «ለ ሊቭር» መጽሐፍ ሲሆን «ላ ሊቭር» ፓውንድ ነው፤ «ለ ቱር» ዙር፣ «ላ ቱር» ደግሞ ማማ። አማርኛም ተባዕትና አንስታይ ስላለው ተማሪው ነገሩ የገባው ይመስለዋል። ዳሩ ግን አማርኛ አንዱን ቤት እንደ ስሜታችን «ቤቱ»ም «ቤቷ»ም እንድንለው ይፈቅዳል፤ ፈረንሳይኛ እንዲህ ያለ ነፃነት አይሰጥም። ስለዚህ ካርዶቹ ከነ«ለ»ው ወይም ከነ«ላ»ው፣ ቃሉ ከሚገባበት አጭር ዓረፍተ ነገር ጋር እንደገና ተጽፈዋል።

ልብ የሚሰብረው ግን ማዳመጥ ነው። «ልጆቹ» ለማለት «ሌ» እና «አንፋን» ሲጻፉ ሁለት ቃል ናቸው። ሲነገሩ የመጀመሪያው ቃል መጨረሻ ላይ ተኝቶ የነበረው ፊደል ይነሳና «ሌዛንፋን» ይሆናሉ። ተማሪው በዓይኑ የሚያውቀውን ቃል በጆሮው ያጣዋል፤ «ዛንፋን» የሚል ቃልም በመዝገበ ቃላት ሲፈልግ ይውላል። መፍትሔው የምናዳምጠውን የድምፅ ቅጂ ማሳጠር ነው። 30 ሰከንድ ብቻ እንወስዳለን። አንዴ ያለ ጽሑፍ ይደመጣል። ሁለተኛው ላይ ጽሑፉ ተይዞ ቃላት የተጋጠሙበት ቦታ በእርሳስ ይሰመርበታል። ሦስተኛው ላይ ከተናጋሪው ጋር እኩል ጮክ ተብሎ ይነበባል። በአራተኛው ጽሑፉ ይገለበጥና እንደገና ያለ ጽሑፍ ይደመጣል። ከሩብ ሰዓት በፊት ጫጫታ የነበረው ድምፅ ቃል ሆኖ ሲሰማ የልጆቹን ፊት ማየት ነው! ዓመቱን ሙሉ ይህን ያህል ያበረታታ ነገር አልነበረንም። ሦስት ደቂቃ የሚረዝም ቅጂ ሲመረጥ ግን ይኸው አሠራር አይሠራም፤ አራተኛው ዙር ላይ ሳይደረስ ሰዓቱ ያልቃል።

ከሁሉ የሚያስቀው የቁጥር ጽሕፈት ነው። ፈረንሳይኛ 80ን «አራት ሃያ»፣ 92ን «አራት ሃያ አሥራ ሁለት» ይለዋል። «ካትር» ሲባል እስክሪብቶው 4 ይጽፋል፣ «ቫን» ሲጨመር ተሰርዞ 80 ይሆናል፣ «ዱዝ» ሲመጣ እንደገና ይሰረዛል። ስለዚህ ቁጥሩ ተነግሮ ሳያልቅ መጻፍ ተከልክሏል፤ በአንድ ጊዜ አሥር ቁጥር ብቻ ይነበባል። ቤልጂየምና ስዊዘርላንድ ውስጥ 90 በአንድ ቃል «ኖናንት» እንደሚባል የሰሙ አባላት ብራሰልስን መርጠናል ብለዋል።

ለንግግር አንዱን ጉዳይ ለሦስት የተለያዩ ሰዎች፣ እያሳጠሩ መንገር ጠቅሞናል። የተለመደው 4፣ 3 እና 2 ደቂቃ ነው፤ ለጀማሪ ስለሚረዝም በ2፣ በአንድ ተኩል እና በ1 ደቂቃ ተክተነዋል። ሰሚው ካልተቀየረ ሁለቱም ይሰለቻሉ። እርማት ከሦስተኛው ዙር በኋላ ነው፣ ያውም ከሁለት ስህተት አይበልጥም።

ንባብ ላይ፣ መቶ ቃል ባለው ገጽ ከአምስት በላይ እንግዳ ቃል ያለበት መጽሐፍ ያለ ሐፍረት ይመለሳል።

ያልተሳካልን ፊልም ነው። ሙሉ ፊልም ከነትርጉሙ ስናሳይ ክፍሉ ሞላ፤ ዓይን ትርጉሙን ሲያነብ ግን ጆሮ ሥራ ፈታ። በመጪው ዓመት ሦስት ደቂቃ የምትሆን አንዲት ትዕይንት ብቻ፣ መጀመሪያ ያለ ትርጉም ይቀርባል። አዲስ ተመዝጋቢዎች በመጀመሪያው ቀን አምስት ባዶ ካርድ ይዘው ይምጡ፤ ስድስተኛው አይመዘገብም።