ሆዷ ተዘርግፎ ሦስት ሳምንት የሠራችው ኬዝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ሥራዬ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ነው። በቅርቡ የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ትንንሽ ዴስክቶፖችን አወድሶ ጽፎ ነበር። ቦታ አይፈጁም፣ ያምራሉ፣ መብራት ይቆጥባሉ ይላል። ልክ ነው። ግን ጸሐፊው አንድ ነገር ዘለውታል። እኔ ባለፈው ሰኔ ተምሬዋለሁ፣ ያውም በገንዘቤ።

ሱቄ ሁለት ሜትር በሦስት ናት። ግማሿን ፎቶ ኮፒው ይዞታል። ፕሪንተሩ፣ ላሚኔሽኑና የወረቀቱ ካርቶን ሲጨመሩ ለኔ የምትተርፈኝ ወንበሬ ብቻ ናት። የድሮው ሲፒዩ ጠረጴዛ ሥር ነበር። (እኛ ሣጥኑን በሙሉ ሲፒዩ ነው የምንለው፤ ባለሙያዎች ይቅር ይበሉን።) ደንበኛ በእግሩ ይመታዋል፣ ወለል ሲወለወል ውኃ ይደርሰዋል፣ የባጃጁ አቧራ ደግሞ ቤቱ አድርጎታል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽዬ ነገር ተመኘሁ።

አዲስ አበባ ካለ አንድ ሻጭ ጋር በስልክ ተስማምቼ 3 ሊትር ገደማ የምትሆን ኬዝ (የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የምትይዘው ሣጥን) አስመጣሁ። የኬዝ መጠን በሊትር እንደሚነገር ያወቅኩት ያኔ ነው። የተለመደው ትልቁ ኬዝ 40 ሊትር ይሞላል፣ ያልፋልም። ሁለት የውኃ ጀሪካን በሉት። የኔዋ ከ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ታንሳለች። ውስጧ የሚገባው ማዘርቦርድ (ሌሎቹ ዕቃዎች የሚሰኩበት ሰሌዳ) ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው ነው፤ 17 በ17 ሳንቲ ሜትር፣ ስንዝር አይሞላም። ቪያ የተባለው የታይዋን ኩባንያ በ2001 (በፈረንጆቹ) ያመጣው መጠን ነው አሉ። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ራይዘን 5 5600ጂ ነው። ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ አብሮት ስላለ ሌላ ካርድ አይፈልግም፣ ለኔ ሥራ ይተርፋል።

ገና ሲገጣጠም ነው ነገሩ የጀመረው። ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶን የመጣው ማራገቢያ ቁመቱ 54 ሚሊ ሜትር ነው። ኬዟ የምትፈቅደው 43 ብቻ። ክዳኑ አልገጥም አለ። አጭር ማራገቢያ እስኪገኝ ሌላ ወጪ፣ ሌላ ሳምንት። እሱስ ይሁን።

ሰኔ ላይ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በሚታተምበት ሰሞን፣ መብራት ጠፋ። መጣ። ወዲያው ደግሞ ጠፋና መጣ። ሁለተኛው ሲመጣ ከኬዟ “ጧ” የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ሽታው ተከተለ። በሩ ላይ አምስት ተማሪ ፍላሽ ይዞ ቆሟል።

የእህቴ ልጅ ካቻቪቴውን ይዞ መጣ። ከፍቶ አሸተተ፣ ነካካ።

“አክስቴ፣ ማዘርቦርዱ ተርፏል። የሞተው ፓወር ሰፕላዩ ነው።”

“ታዲያ ቀይረው።”

“በምን?”

ለካ የኬዟ ፓወር ሰፕላይ (መብራቱን ተቀብሎ ለዕቃዎቹ የሚያድለው) ለሷ ብቻ የተሠራ ቀጭን ነገር ነው። ማርቆስ ውስጥ ዞርን፣ የለም። ባሕር ዳር ደወልን፣ የለም። ሻጩ “ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ይጠብቁ” አለኝ። ተራው ኤቲኤክስ የሚባለው ግን፣ 15 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው፣ ከሱቄ ሦስት በር አልፎ መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል። ሶኬቱ ከማዘርቦርዱ ጋር ልክክ ይላል። ኬዟ ውስጥ ብቻ አይገባም።

ምን እናድርግ? ክዳኑን አውልቀን ትልቁን ፓወር ሰፕላይ ከጎኗ አስቀመጥነው፣ ገመዱን ወደ ውስጥ ለቀቅነው። አንድ ደንበኛዬ ገና ሲገቡ “ምነው ሆዷን ዘረገፋችኋት?” አሉኝ። አቧራ እንዳይገባ የዱቄት ወንፊት ደፋሁባት። አትሳቁ። ሦስት ሳምንት እንዲያ ሆና ሠራች፤ ክዳኗ ተገጥሞ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ቀዝቅዛ።

እንግዲህ ዓምደኛችሁ የዘለሉት ይህንን ነው። ኬዝ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ መልኩ ወይም ስለ ሊትሩ አይደለም። “ፓወር ሰፕላዩ ሲቃጠል ከየት አገኛለሁ?” ነው። እኛ ዘንድ ቶሎ የሚሞተው እሱ ነው፤ መብራቱ ሲመላለስ መጀመሪያ የሚመታው እሱን ነዋ። መለዋወጫ ደግሞ የዓባይን በረሃ አቋርጦ እስኪደርስ ሱቅ ይዘጋል።

ሁለተኛውን ኬዝ ስመርጥ ከጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ ነው። ሲልቨርስቶን ኤስጂ13 የሚባለውን አገኘሁ። 11.5 ሊትር ነው፤ ወርዱ 22፣ ቁመቱ 18፣ ርዝመቱ 28 ሳንቲ ሜትር ተኩል። የቀድሞዋን አራት እጥፍ ያህል ይሆናል፣ እውነት ነው፤ ጠረጴዛዬ ላይ ግን ይቀመጣል። ተራውን ኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ ይቀበላል። ርዝመቱ ብቻ ከ15 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። ማራገቢያ እስከ 61 ሚሊ ሜትር ስለሚያስገባ ያ 54ቱ በሰላም ገባ። ፊቱ ወንፊት የሆነውንም ፊቱ ድፍን የሆነውንም ይሠራሉ። እኔ የትኛውን እንደወሰድኩ መናገር አያስፈልገኝም።

የአየሩ ነገርም አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው፣ ሽንብራም ድስት ላይ የሚያረጀው ለዚህ ነው። አየሩ ከጅቡቲው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ማራገቢያው ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ብርዳችን ያካክሰዋል እንጂ በጠባብ ድፍን ሣጥን ውስጥ ጭንቅ ነው።

የግድ በጣም ትንሽ ለሚፈልግ ሰው፣ እንደ ላፕቶፕ ቻርጀሩ ውጭ የሆነውን ይፈልግ። ብዙዎቹ 19 ቮልት ናቸው። ቮልቱ፣ ጫፉና አምፔሩ ከገጠመ ምትክ አይጠፋም። ቦታ ያለው ሰው ደግሞ ማይክሮ ኤቲኤክስ ቢወስድ ይሻለዋል፤ ማዘርቦርዱ 24.4 በ24.4 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በገበያ በብዛት አለ፣ ራም የሚጨመርበት ቦታም ይበዛል። እና መብራት ሲጠፋ ከሶኬት ንቀሉት። መጥቶ እስኪረጋ አትሰኩት። ይህን እኔም አውቅ ነበር፣ ያን ቀን ግን እጄ ስቴፕለር ላይ ነበር።

ዓምደኛችሁን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሌላ ጊዜ ስለ ኬዝ ሲጽፉ ሦስት ቁጥር ይጨምሩልን፤ የሚያስገባውን የፓወር ሰፕላይ ዓይነት፣ የማራገቢያውን ቁመትና የግራፊክስ ካርዱን ርዝመት። ከፎቶው ይልቅ ይጠቅመናል።

ትንሿ ኬዝ አሁን የስቴፕለር ሽቦና ዝርዝር ሳንቲም ማስቀመጫ ሆናለች። ቀጭኑ ፓወር ሰፕላይ በሐምሌ አጋማሽ ደረሰ። ካርቶኑን አልከፈትኩትም።

አንባቢያችሁ፣
ከደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም